ምዕራፍ ስድስት፦ ወደ ገበታ መመለስ

ላሊበላ የሚለው የንጉሡ ስም ከንብ የመጣ ነው ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁለት ብላ ስሙን አወጣችለት። አበው ስሙን «ማር ይበላል» ብለው ይፈቱታል። የሰውን ክብር በሚበላው መግለጽ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሥራ ያገኘውን ሰው እንጀራ ወጣለት እንላለን። የተጣሉ ወዳጆችን ስናስታርቅ «አብራችሁ የበላችሁ፣ አብራችሁ የጠጣችሁ» ብለን እንጀምራለን። ያደግንበትን ቋንቋም አፍ የፈታንበት ብለን ነው የምንጠራው።

ካንሰር በአፍ፣ በምላስ፣ በጉሮሮ ወይም በማንቁርት ላይ ሲወጣ ሕክምናውም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናውም ጨረሩም የሚያልፉት በምንበላበት፣ በምንናገርበትና በምንዘምርበት በር ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በእነዚህ የራስና የአንገት ካንሰሮች ይያዛሉ። ያለፉት ምዕራፎች በሽታው እንዴት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታከም የሚናገሩ ነበሩ። ይህኛው የሚጀምረው ሐኪሙ «ድነዋል» ካለ በኋላ ነው።

«ዳነ» በአማርኛ የተዘጋ ቃል ነው። ወባ የያዘው ሰው ሲድን እንደ ድሮው ተነሥቶ ወደ ማሳው ይወጣል፤ እግሩ የተሰበረው ሲድን ይሄዳል። ሐኪሙ ግን የተናገረው ዕጢው አሁን አይታይም ነው። ቤተሰቡ የሰማው እንደ ድሮው ይሆናሉ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው የሚያሳስበኝ። ብዙ ሰው ከካንሰሩ ተርፎ የሚጎዳው እዚያ መካከል ነው።

አንድ ሰው እናስብ። በእውን ያሉ ሰው አይደሉም፤ ለዚህ ምዕራፍ ብዬ የሳልኳቸው ናቸው። የሚደርስባቸው ነገር ግን አንድ በአንድ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው። ዕድሜያቸው አርባ አምስት ነው። ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ደብር መሪጌታ ናቸው። ገብስ ያርሳሉ፤ ከጓሯቸው ጥቂት ቀፎ ንብ አለ። ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ የእሳቸው ድምፅ ከሚለዩት አንዱ ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው አንገታቸው ላይ በወጣ እብጠት ነው። አላመማቸውም። ቀጥሎ አንድ ጆሯቸው ድፍን አለ፤ ሲናፈጡ ክር የመሰለ ደም ያዩ ጀመር። ካንሰሩ የተነሣው ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከእንጥል በላይ ካለው የጉሮሮ ጣሪያ ነው። ይህ ዓይነቱ ኤፕስታይን ባር ከሚባል ቫይረስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲጋራ አፋቸው ያልደረሰ፣ መጠጥም የማያበዙ ሰዎችን ይይዛል። ቦታው ከዓይን የተሰወረ ነውና አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው አንገት ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

መሪጌታው ጠበል ገቡ። ገብተው ጥቂት ወራት ቆዩ። በዚህ የምወቅሳቸው ነገር የለኝም፤ ወደ ጠበል መሄድ በላስታ ሰው ዘንድ ከመድኃኒት መሸሽ አይደለም፣ የመጀመሪያው ደጅ ስለሆነ ነው። የሚያሳዝነኝ አንዱ ሌላውን ይከለክላል የሚለው እምነት ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለካንሰርም ነገሩ ያው ነው። ጠበሉ ቦታ ላይ የሚያስተናግዱ አባቶች አንገቱ ላይ እብጠት ያለበትን ሰው «ሐኪምም እይ» ቢሉት ወራት ይተርፋሉ።

ከዚያ መንገዱ ይመጣል። ከላሊበላ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ፤ በድምሩ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት ይህ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ የሰሜን ወሎ ሰው ያውቃል። የጨረር ሕክምና ደግሞ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የተለመደው መጠን 70 ግሬይ ሲሆን በ35 ቀን ተከፋፍሎ፣ ቅዳሜና እሑድ እየታለፈ፣ ለሰባት ሳምንት ይሰጣል። ለአንድ ገበሬ ሰባት ሳምንት ማለት መኸሩ ሌላ ሰው እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። መሣሪያዎቹ በኮባልት 60 የሚሠሩ ነበሩ። ኮባልት ራሱ እየነደደ የሚያልቅ ማገዶ ነው፤ በየአምስት ዓመቱ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት አንድ በሽተኛ በአዲሱ ኮባልት አምስት ደቂቃ የሚቆይበት ሕክምና፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ አሥር ደቂቃ ይረዝማል፤ ሰልፉም አብሮ ይረዝማል። በቅርብ ዓመታት ዘመናዊ መሣሪያ በጥቁር አንበሳ ገብቷል፤ በጂማና በሐረር ሕይወት ፋናም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ከክልል የሚመጣ ታካሚ የሚያድርበት ቤት ማግኘትም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። አቶ ወንዱ በቀለ በደም ካንሰር ያጡትን የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በማሰብ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ለሌላቸው ታካሚዎች መጠለያ ይሰጣል። ይህን ስጽፍ ምስጋናዬን ሳልደብቅ ነው።

አሁን ወደ አፍ ውስጥ እንግባ።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ቀጭኑን፣ ውኃ የመሰለውንና ምግብ ስናይ የሚመጣውን ምራቅ በብዛት የሚሰጡት ከጆሮ ሥር በግራና በቀኝ ያሉት ትልልቆቹ ዕጢዎች ናቸው። እነዚህ ዕጢዎች ጨረርን አይችሉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መድረቅ ይጀምራሉ። የሚቀረው ምራቅ ወፍራም፣ የሚዝለገለግ፣ ተልባ የመሰለ ነው። ብዙ ሕሙማን «አፌ ደረቀ» ሲሉ ሐኪሙ አፋቸውን ከፍቶ ዝልግልግ ነገር ያይና ደርቋል ማለታቸው ይገርመዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ምራቅ ማርጠቢያ ብቻ ቢሆን ውኃ ይተካው ነበር። ምራቅ የበላነው የሚተወውን አሲድ ያረክሳል፤ ለጥርስ ማዕድን ይመልሳል፤ ፈንገስን ይከላከላል፤ ጣዕምን አሟሙቶ ወደ ምላስ ያደርሳል። እሱ ሲጠፋ እንጀራው ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ ዳቦው አሸዋ ይሆናል። ጣዕሙም ለወራት ይጠፋል፤ በአብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ ይመለሳል።

መጠኑ ግን እንደ መሣሪያው ይለያያል። በብሪታንያ በጉሮሮ ካንሰር ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት ጨረርን አወዳድሮ ነበር። በቀድሞው አሰጣጥ ከታከሙት ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ 74 ከመቶው ጉልህ የአፍ ድርቀት ነበራቸው። ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎቹን እንዲዞር ተደርጎ ከታከሙት ግን 38 ከመቶው ብቻ። ካንሰሩ ያው፣ ሰውየው ያው፣ የሚለየው መሣሪያውና የሚያቅደው ባለሙያ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን ቁጥር እነግረዋለሁ። አፉ ሊደርቅ ከነበረው ሰው ግማሽ ያህሉ ቆሎ ባይቆረጥም እንጀራውን ያለ ውኃ ይውጣል ማለት ነውና።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አፉ ይቆስላል። መሪጌታው ምራቃቸውን መዋጥ ያቃታቸዋል፤ በርበሬ ቀርቶ የእንጀራው እርሾ ያቃጥላቸዋል። አስታማሚያቸው ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን ማር በማንኪያ ይሰጣቸዋል። ይህ ባዶ ልማድ አይደለም፤ ማር የጨረርን የአፍ ቁስል ያስታግሣል የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። ነገር ግን የማር ነገር ሁለተኛ ገጽ አለው። ቁስሉ ድኖ ድርቀቱ ሲቀር፣ ምራቅ በሌለበት አፍ ውስጥ ማርና ስኳር ጥርስን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሥሩ ይበላሉ። የሚበሰብሱትም ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም የማይነኩ ቦታዎች፣ የድዱ ጠርዝና የጥርሱ አናት ናቸው። አፉን ለማርጠብ ከረሜላ ሲመጠምጥ የሚውል ሰው ጥርሱን እያሟሟ ነው።

እዚህ ላይ ነው በላስታ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ደጋግሜ ልናገረው የምፈልገው ነገር ያለው። ጨረር ያለፈበት መንጋጋ፣ በተለይ የታችኛው፣ ደም ሥሮቹ ይቀጥናሉ። ጥርስ ሲነቀልበት ቁስሉ ላይዘጋ ይችላል፤ ያኔ አጥንቱ ይጋለጣል፣ ይሞታል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ይህ አደጋ ከአንድ ዓመት በኋላ አያልፍም፤ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ስለዚህ መነቀል ያለበት ጥርስ የሚነቀለው ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለቁስሉ መዳኛ ተተውለት ነው። ከሕክምናው ሁለት ዓመት በኋላ መሪጌታው ጥርሳቸውን ቢያማቸውና ቅዳሜ ገበያ ወጥተው በጉጠት ለሚነቅል ሰው ቢሰጡ፣ ካንሰሩ ያልገደላቸውን ሰው የጥርስ ሕመም መንጋጋ ሊያሳጣቸው ይችላል። የተማረ የጥርስ ሐኪምም ቢሆን ጨረር መውሰዳቸውን ካልነገሩት ሊነቅለው ይችላል።

ሰባቱ ሳምንት አለቀ። መሪጌታው ከ10 ኪሎ በላይ ቀንሰው አገራቸው ገቡ። በግ ታረደ። ጎረቤት ተሰበሰበ።

የዚያን ቀን የሚሆነውን ማንም አንባቢ መገመት ይችላል። መሶቡ ይከፈታል። እሳቸው ቀስ ብለው ትንሽ ቁራሽ በወጥ አርሰው ያኝካሉ፤ ከእያንዳንዷ ቁራሽ ጋር ውኃ ይጎነጫሉ። ሌሎቹ ሲጨርሱ እሳቸው ገና ሦስተኛዋ ላይ ናቸው። አንዱ ዘመድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ይዘረጋል። «በቃኝ» ይላሉ። «በሞቴ!» ይላቸዋል። ከሞት ለተመለሰ ሰው በሞቴ ሲሉት እንዴት እምቢ ይላል? አፋቸው ግን ጉርሻውን የሚያህል አይከፈትም። ይገባና ይቆማል። ውኃ ሲከተሉበት በአፍንጫቸው ይመለሳል፤ ላንቃቸው እንደ ድሮው አይዘጋምና። ትን ይላቸዋል። ሳሉ ሳያበቃ ይነሡና ወደ ውጭ ይወጣሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ «ቀድሜ በልቻለሁ» ማለት ይጀምራሉ። የጽዋ ማኅበራቸው ተረኛ ቤት ሲሰበሰብ ይቀራሉ። ቡና ሲፈላ ቆሎው እንዳይቀርብላቸው ከበሩ ይመለሳሉ። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የሚለውን ተረት ልጅ ሆነው ሰምተዋል፤ አሁን በየቀኑ ጓዳ ገብተው አጥሚት የሚጠጡት ለብቻቸው ነው። ባለቤታቸው ያዘኑባቸው ይመስላቸዋል፤ ጎረቤት ኮርተዋል ይላል። ማንም አፋቸው ምን ያህል እንደሚከፈት አልጠየቃቸውም።

ይህ የእኛ ባህል ብቻ የፈጠረው ችግር እንዳይመስላችሁ። ዚግመንድ ፍሮይድ በ1923 እ.ኤ.አ. የላንቃና የላይኛው መንጋጋ ካንሰር ተገኘበት። በቀሩት አሥራ ስድስት ዓመታት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። አፉን ከአፍንጫው የሚለይ ትልቅ ሰው ሠራሽ ላንቃ አጥልቆ ይኖር ነበር፤ ጭራቅ ብሎ ነበር የሚጠራው። አፉ በደንብ አይከፈትም፤ ንግግሩ በአፍንጫው ይወጣል፤ ሰው ፊት መብላት ይጨንቀዋል። በ1930 የጎቴ ሽልማት ሲሰጠው ፍራንክፈርት ሄዳ ንግግሩን ያነበበችለት ልጁ አና ነበረች። የሰውን ልጅ በንግግር ማከም ይቻላል ብሎ ዓለምን ያስተማረ ሰው ቃሉን በልጁ አፍ ላከ። ልዩነቱ ፍሮይድ ከሳህኑ ለብቻው መብላት በሚቻልበት ከተማ መኖሩ ነው። ላስታ ውስጥ ሳህን አንድ ነው።

የመሪጌታው ትልቁ ጭንቀት ግን ከመሶቡ ላይ አይደለም ያለው። ሥጋ ወደሙን ሲቀበሉ ትን ቢላቸውስ? ቢያስመልሳቸውስ? ምእመን ሁሉ የሚፈራው ነገር ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ በየቀኑ የሚደርስባቸው ነገር ነው። ከመቁረባቸው በፊት ውኃ ሳይቀምሱ ለረጅም ሰዓት ሲቆዩ አፋቸው እንደ ቆዳ ይደርቃል። ስለዚህ መቁረብ ይተዋሉ፤ ምክንያቱን ለማንም አይነግሩም። ይህን ከሕክምና መጽሐፍ አታገኙትም። መፍትሔው የሚጀምረው ለንስሐ አባት በግልጽ በመንገር ነው። የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾሙ ይቀልለታል፤ ካህኑም መጠኑን አሳንሶ፣ ጊዜ ሰጥቶ ሊያቀብላቸው ይችላል። አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ለአንዳንዱ ሰው ትንታውን ይቀንሳል። ትንታ ሲደጋገም፣ ከምግብ በኋላ ድምፅ እርጥብ እርጥብ ሲል፣ ትኩሳትና ሳል ሲመላለስ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ነውና ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። አንዳንዱ ሰው ሳያስለውም ይሄድበታል።

ስለ ድምፅም ጥቂት ልበል። የመሪጌታው ማንቁርት አልተቆረጠም፤ ነገር ግን የደረቀ ጉሮሮ የዕዝልን ዜማ አይሸከምም፤ የሕክምናው አንዱ መድኃኒት የሆነው ሲስፕላቲን ደግሞ የመስማት ኃይልን ሊቀንስ ይችላል። ማንቁርታቸውን በቀዶ ሕክምና ያጡ ሰዎች ነገር ከዚህ ይከብዳል። ቢልሮት የተባለው ሐኪም ለካንሰር ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ያወጣው በ1873 እ.ኤ.አ. ማለቂያ ቀን ቪየና ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በምግብ ቧንቧ በኩል አየር እያወጡ መናገር፣ አንገት ላይ የሚያዝ የሚንዘር መሣሪያና በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚገባ የድምፅ መተላለፊያ ተፈጥረዋል።

ቋንቋችን ግን የራሱ የሆነ ፈተና ያመጣል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ የሚወጡት የድምፅ አውታሮች በሩን ዘግተው፣ ማንቁርት ሽቅብ ተነሥቶ አየሩን ሲጨምቀው ነው። ማንቁርት በሌለበት እነዚህን ከተ፣ ከከ እና ከቸ መለየት ከባድ ነው። «ጠራ» እና «ተራ» ይቀላቀላሉ። «ቀበረ» ለማለት የፈለገ ሰው «ከበረ» ሲል ይሰማል። በውጭ አገር የተጻፈ የንግግር መለማመጃ ይህን አያስብም፤ እንግሊዝኛው እነዚህ ድምፆች የሉትምና። ምላሱ የተቆረጠለት ሰው ደግሞ ተ፣ ደ፣ ለ፣ ነ እና ረ ይቸገራል፤ በከንፈር የሚወጡት በ እና መ ይቀሩለታል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው። ያሉት በአማርኛ ድምፆች ላይ የተመሠረተ መለማመጃ ቢያዘጋጁ ለብዙ ሰው አፍ መፍቻ ይሆናል።

ሕክምናው ከተጠናቀቀ በኋላ የሰው ኑሮ እንዴት እንደሆነ የሚለኩ መጠይቆች አሉ። በአውሮፓ የካንሰር ምርምር ድርጅት የተዘጋጀው ዋናው መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ በአማርኛም ተተርጉሞ በአገራችን ሕሙማን ላይ ሥራ ላይ ውሏል። ለራስና ለአንገት ካንሰር የሚታከልበት ሌላ 35 ጥያቄ አለ፦ ስለ ሕመም፣ ስለ መዋጥ፣ ስለ ምራቅ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ አፍ መከፈት። የአብዛኞቹ መልስ ከ«በፍጹም» እስከ «በጣም» አራት ደረጃ አለው። ከጥያቄዎቹ ሁለቱ በቤተሰብዎ ፊት፣ በሌላ ሰው ፊት መብላት ተቸግረዋል ወይ ይላሉ።

«ፊት» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አውሮፓዊው የሚበላው በሰው ፊት ነው፤ እኛ የምንበላው ከሰው ጋር፣ ከአንድ ትሪ ነው። በሰው ፊት የሚቸገር ሰው ፊቱን ዞር ሊያደርግ ይችላል። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ሲዘገይ የሌላውን እጅ ያስቆማል፤ ሲያስለው ገበታውን ያስነሣል፤ ሲጎርስ ያጎረሰው ሰው ዓይን ይከተለዋል። መጠይቁ በአማርኛ ሲጠየቅ «ጉርሻ መቀበል አቅቶዎት ያውቃል?» «ከማኅበር ቀርተው ያውቃሉ?» «መቁረብ ትተዋል?» የሚሉ ጥያቄዎች ቢጨመሩ መሪጌታው «በጣም» ብለው ይመልሱ ነበር። ያልተጠየቀ ነገር መዝገብ ላይ አይገባም፤ መዝገብ ላይ ያልገባ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ይሁን እንጂ መሪጌታውን የሚረዳቸው ነገር ሁሉ አዲስ አበባ አይደለም ያለው። ብዙው ጓዳ ውስጥ ነው።

በአፍ መከፈት ልጀምር። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣት ደርቦ በላይና በታች ፊት ጥርሶቹ መካከል ያስገባል። ሁለት ብቻ ከገባ የመንጋጋው ጡንቻ እየደረቀ ነው፤ በሐኪሞች ልኬት ከ35 ሚሊ ሜትር በታች መከፈት ማለት ነው። በጤና ተቋማት ምላስ መጫኛ እንጨት ይገኛል። ሃያ ያህሉ ሲደራረብ ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የሚገባውን ያህል ደርድሮ ጥርስ መካከል አስገብቶ ለአፍታ መያዝ፣ ማውጣት፣ በቀን ብዙ ጊዜ መድገም፣ ሲለመድ አንድ እንጨት መጨመር። ውጭ አገር ለዚህ የሚሸጥ ውድ መሣሪያ አለ፤ እንጨቶቹም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ከጨረሩ በፊት የጀመረ ሰው ይጠቀማል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የጀመረ ግን የደረቀውን ለመመለስ ይቸገራል። መዋጥም እንዲሁ ነው፤ ጉሮሮ ካልሠራ ይረሳል። አፉ ቆስሎም ቢሆን በቀን ጥቂት ጊዜ የሚዋጥ ነገር መዋጥ አለበት። በቱቦ መመገብ ግድ ከሆነም ቱቦው የሞት ምልክት አይደለም፤ ድልድይ ነው።

አመጋገቡን ባለቤታቸው ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሕፃን አሳድገዋል፣ አራስ አርሰዋል። አጥሚት፣ በደንብ የላላ ገንፎ በቅቤ፣ እርጎ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ያለ በርበሬ፣ እርሾው ያልበረታ እንጀራ ፍትፍት። የተልባ ውኃ ጉሮሮን ያለሰልሳል። በጾም ወቅት ሱፍ ፍትፍት ለደረቀ አፍ ከተሠሩ ምግቦች ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልስልስ ነው፣ ቅባት አለው፣ ወርዶም ያጠግባል። የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ምግብ ለበሽተኛ ብቻ ጓዳ ውስጥ እንዳይቀርብ ነው። ፍትፍቱ በአንዱ የትሪ ጥግ ከሌላው ጋር አብሮ ይቅረብ፤ ሌላውም ይቅመሰው። አጎራሹም ጉርሻውን የለውዝ ፍሬ አሳክሎ፣ በወጥ አርሶ፣ ውኃውን አስቀድሞ ያጉርስ። ያኔ «በሞቴ» ማለት ይችላል።

ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፤ ጠንካራው መፋቂያ የሳሳውን ድድ ያደማል። በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ ከምግብ በኋላ መጉመጥመጥ። አረቄን መተው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጨረሩ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ሊያደክመው ይችላልና ሰውየው ከዓመት በኋላ እንደ ቀድሞው አልሞቅ ቢል፣ ቢዝል፣ ድምፁ ጎርናና ቢሆን በደጋው ብርድ ብቻ አይሳበብ። በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ በርካሽ ኪኒን የሚታከም ነገር ነው።

ላሊበላ፣ ወልድያና ደሴ ሆስፒታሎች ውስጥ የምትሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ይህን ምዕራፍ ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አንገቱ ያበጠ ሰው ወደ አዲስ አበባ ስትልኩ፣ የሪፈር ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት አፉን አስከፍታችሁ ጥርሱን እዩ። ሦስት ጣቱ ይገባ እንደሆነ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። መነቀል ያለበት ጥርስ ካለ እዚያው ይነቀልና ቁስሉ ጨረሩ እስኪጀመር ይዳን። ሲመለስም በሰባት ሳምንት የተቀየረውን አፍ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ፤ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» ብላችሁ ይሁን።